መርፌው ጨረር አለው ተባልን፤ አጎቴ «አልወጋም» ብሏል

የጦሳ ልጅ · ደሴ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ረዘም ያለ ነው፤ ታገሱኝ።

አጎቴ 71 ዓመቱ ነው። ሽንት ሲያስቸግረው ከርሞ በስንት ልመና ሐኪም ቤት ወሰድነው። ፒኤስኤ የሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራው ከፍ ብሎ ተገኘ። ናሙና ተወሰደና የፕሮስቴት ካንሰር ነው ተባለ። ሐኪሙ «ወደ አጥንት ሄዶ እንደሆነ ማወቅ አለብን» ብሎ ለአጥንት ስካን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈለት። እስከዚህ ድረስ አጎቴ እሺ ባይ ነበር። አንዱ የጎረቤት ልጅ መጥቶ «እሱ እኮ ራዲዮአክቲቭ ነገር በደም ሥር የሚወጉበት ነው» አለው። አለቀ። «ካንሰሩ አይበቃኝም? ጨረር ደግሞ በደሜ ላስገባ?» ብሎ ቁጭ አለ። እናቴም ከወንድሟ ጋር አብራለች።

እኔም መልስ የለኝም። ራጅ ተነስቷል፣ የሆድ ሲቲም ተነስቷል፤ ታዲያ ይሄ ምን ይጨምራል? ደግሞ የልጅ ልጆቹ ከሱ ጋር ነው የሚተኙት፤ ለነሱስ? ሌላው፣ ሰኞና ሐሙስ ይጾማል፤ ቀጠሮው ሐሙስ ላይ ነው የወደቀው። የሠራ ወይም ያሠራ ሰው ካለ በአላህ ንገሩኝ።

ካሜራ ክፍል · የሐይቅ ልጅ፣ አዲስ አበባ

አብሽር ወንድሜ። ሥራዬ ነው፤ ኒውክሌር ሕክምና ክፍል ካሜራው ላይ ነው የምውለው። አጎትህ የያዘውን ፍርሃት ይዞ የሚመጣ ሰው በየጊዜው አለ፤ አትናደድበት።

ራጅና ሲቲ የሚያዩት ቅርጽ ነው። አጥንቱ ተሰብሯል ወይ፣ ተበልቷል ወይ፣ እብጠት አለ ወይ። የኛ ካሜራ የሚያየው ሥራ ነው። ራጅ ቤቱን ያሳይሃል፤ እኛ ግን ጭሱን አይተን የትኛው ቤት እሳት እንደነደደ እንነግርሃለን። ካንሰር አጥንት ውስጥ ሲገባ አጥንቱ ራሱን ለመጠገን ይሯሯጣል፣ አዲስ አጥንት ይሠራል። የምንወጋው መድኃኒት ኤምዲፒ ይባላል፤ አዲስ አጥንት የሚሠራበት ቦታ ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ከሱ ጋር የታሰረው ቴክኒሺየም 99ኤም ጋማ ጨረር ይረጫል፣ ካሜራው ያንን ይለቅማል። ብዙ የተለጠፈበት ቦታ ጎልቶ ይታያል።

ራጅ ላይ ለውጥ እስኪታይ ድረስ ከአጥንቱ ማዕድን 30 እና 40 በመቶ፣ አንዳንዴም ግማሹ ማለቅ አለበት። ስካኑ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ያየዋል። ደግሞ የሆድ ሲቲ ሆዱን ብቻ ነው ያየው። ይሄ በአንድ መርፌ ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ይወርዳል።

በዕለቱ የሚሆነው ይሄ ነው። ጠዋት ክንዱ ላይ ይወጋል። አያቃጥልም፣ ራስ አያዞርም፣ እንደማንኛውም መርፌ ነው። ከዚያ ለ2 ሰዓት፣ አንዳንዴ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ይጠብቃል፤ መድኃኒቱ ከደም ወጥቶ አጥንት ላይ እንዲያርፍ ነው። በመሀሉ ውሃ ይጠጣል፣ ደጋግሞ ይሸናል። ካሜራው ሥር ከመተኛቱ በፊት የግድ ሽንት ቤት ይገባል። ፊኛው ከሞላ ዳሌውን ይሸፍንብናል፤ ለፕሮስቴት ታማሚ ደግሞ በደንብ ማየት የምንፈልገው ዳሌውንና ወገቡን ነው። አጎትህ ሽንት ስለሚያስቸግረው ይሄን ለክፍሉ ቀድመህ ተናገር። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካለው ከረጢቱ ይደፋል።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሳይንቀሳቀስ በጀርባው መተኛት ነው። ማሽኑ አይጮህም። ክፍሉ ግን ይበርዳል፤ ጋቢውን አይርሳ።

ቆቦ 98

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ከአጎትየው ጋር ነኝ። ጨረር ካንሰር ያመጣል ብለው ያስተማሩን እናንተው ናችሁ። ካንሰር ለመፈለግ ካንሰር የሚያመጣ ነገር መውጋት ምን ይሉታል?

ወልድያ ፊዚክስ · መምህር

ቆቦ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ የጎደለው መጠኑ ነው።

ጨረር ከመርፌው በፊትም አለ። ከአፈር፣ ከድንጋይ፣ ከምንበላው፣ ከሰማይ ይመጣል። በዓለም አማካይ አንድ ሰው በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ያህል ያገኛል። የአጥንት ስካን 4 ወይም 5 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ማለትም አጎትየው ዝም ብለው ቤታቸው ቢቀመጡ በሁለት ዓመት የሚያገኙትን በአንድ ጊዜ ያገኛሉ። ዜሮ ነው አልልህም። ጨረር ሲበዛ አደጋውም ይበዛል፤ በትንሽ መጠን ያለው አደጋ ትንሽ ነው፣ የሚታይ ከሆነም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በሰውየው ላይ ያለው ካንሰር ግን ዛሬ ነው ያለው። ይሄንን ይዘህ አመዛዝን። ለ20 ዓመት ጤነኛ ልጅ «እስቲ ለማንኛውም ተነሳ» ቢሉት እኔም እቃወማለሁ።

በነገራችን ላይ ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ከቆቦ ሜዳ ይበልጣል። አንተ እዚያ ታች ሆነህ ተርፈሃል።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜው ነው። ቴክኒሺየም 99ኤም ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። በ6 ሰዓት ግማሹ ይጠፋል፣ በ12 ሰዓት ሩቡ ይቀራል፣ በማግስቱ ያው ሰዓት ላይ 16ኛው። በሁለት ቀን ከ250 አንዱም አይቀርም። ይሄ ሰውየው አንዴም ሳይሸኑ ነው። በሽንት የሚወጣው ሲጨመርበት ደግሞ ከዚህም ይፈጥናል።

ተማሪዎቼ የሚወዷትን አንድ ታሪክ ልጨምር። ይሄን ዘዴ የጀመረው ጆርጅ ደ ሄቬሲ የሚባል ሃንጋሪያዊ ነው። በ1911 ማንቸስተር ውስጥ ምግብ የምታቀርብ ሴትዮ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሴትዮዋ የተረፈውን ምግብ እየደጋገመች የምታቀርብ መሰለው። ጠየቃት፤ ሸመጠጠች። እሱም አንድ ቀን ሳህኑ ላይ በተረፈው ምግብ ትንሽ ራዲዮአክቲቭ ነገር ጨመረ። ከቀናት በኋላ ምግብ ሲቀርብ መለኪያውን ይዞ መጣ፤ መለኪያው አጋለጣት። ሴትዮዋ ምን እንዳለች አይታወቅም፤ የወሎ ባልቴት ብትሆን ኖሮ ሻንጣውን አስይዛ ታስወጣው ነበር። ሰውየው በ1923 ባቄላ ሥሩ የሳበው እርሳስ በግንዱ እስከየት እንደሚደርስ በዚሁ መንገድ አየ። በ1943 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠው ለዚህ ነው። ትንሽ ምልክት ትጨምራለህ፣ የት እንደሄደች ከውጭ ሆነህ ትከተላለህ። አጎትየው ላይ የሚደረገውም ያው ነው።

ቆቦ 98

ለካ ደሴዎች ሰማይ አጠገብ ስለሆናችሁ ነው እንዲህ የምታበሩት። እሺ፣ መጠኑ ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር መልሱልኝ፤ ችግር ከሌለው የሚወጋው ሰው ለምን ወጥቶ በመስታወት ያያል?

ካሜራ ክፍል

ይሄን ጥያቄ ካርድ ከሚያወጡት እስከ ፕሮፌሰሮቹ ሁሉም ይጠይቁኛል። አጎትየው የሚወጉት አንዴ ነው። እኔ ዛሬም ነገም፣ ዘንድሮም የዛሬ ዓመትም እወጋለሁ። ከእያንዳንዱ ሰው ጎን ብቆም የኔ ድምር ነው የሚከፋው። ለዚህ ነው መርፌው በከባድ ብረት ተሸፍኖ የሚመጣው፣ ደረቴም ላይ መለኪያ አድርጌ የምውለው። ታማሚውን ሸሽቼ አይደለም።

የቦሩ ሜዳዋ · ነርስ፣ ደሴ

የጦሳ ልጅ፣ ወንድሞቻችን ፊዚክሱን ጨርሰውታል፤ እኔ የቤቱን ልንገርህ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ለአጥንት ስካን ባዶ ሆድ አያስፈልግም። ቁርሱን በልቶ ነው የሚሄደው። ውሃ መጠጣት ግን የግድ ነው፤ ውሃ ካልጠጣ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቆያል፣ ፎቶው ይደበዝዛል፣ ለሰውነቱም ቶሎ ቢወጣ ነው የሚሻለው። የሰኞና የሐሙስ ደግሞ ሱና ነው፤ ፈርዱን እንኳ ለታመመና ለመንገደኛ አላህ አቅልሎታል። አንተ ብትነግረው ግን አይሰማህም። የሚያከብራቸውን ሸህ ይዘህ ና፤ በሳቸው አፍ ይስማው። እኔ በወረቀት ላይ ተጽፎ እንቢ ያለ ሰው ከቡናው በኋላ ሲስማማ ብዙ አይቻለሁ።

ልጆቹን በተመለከተ፣ የዚያን ዕለት ሌሊት ለብቻው ይተኛ። ጭኑ ላይ አስቀምጦ ማጫወቱን ለማግስቱ ያቆየው። ሰላም ማለት፣ አብሮ ማዕድ መቅረብ ችግር የለውም። በሽታ አይደለም፣ አይጋባም። እርጉዝ ሴት ቤት ውስጥ ካለች ያን ቀን ራቅ ትበል። ሽንት ቤት ሲገባ ቁጭ ብሎ ይሽና፣ ውሃ ደህና አድርጎ ያፍስስ፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ። በቃ።

እናትህን ደግሞ ይዘሃት ሂድ። ያላየችውን ነው የፈራችው።

ሙና · ኮምቦልቻ

ክሩን ስላገኘሁት ልጠይቅ። እህቴ እንቅርት አለባት። ታይሮይዷን (አንገቷ ላይ ያለውን እጢ) በዚሁ ዓይነት ካሜራ አነሷት። ወረቀቱ ላይ «ቀዝቃዛ እጢ» ይላል። እኛ ቀዝቃዛ ሲባል ደስ አለን፤ የማያበራ ከሆነ ካንሰር የለም ማለት ነው ብለን። ሐኪሟ ግን ለናሙና ቀጠራት። ግራ ገባን። የምታጠባ ልጅም አላት።

ካሜራ ክፍል

ሙናዬ፣ እንቅርት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ታይሮይድ ሥራው አዮዲን እየሳበ ሆርሞን መሥራት ነው። ጤነኛ ሴል ይስባል፤ ስለዚህ ያበራል። ካንሰር የሆነ ሴል ብዙ ጊዜ ይሄን ሥራ ይተዋል፤ ስለዚህ ጥቁር ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። «ትኩስ» የሚባለው እጢ ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም ጥቂት ነው። «ቀዝቃዛው» ነው ናሙና የሚያስፈልገው።

ግን አትደንግጡ። ከቀዝቃዞቹም ቢሆን አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢትም ቀዝቃዛ ሆኖ ነው የሚታየው። ሐኪሟ ትክክል ነው ያደረገው፤ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድና ይለያል። እኛ ደጋ ላይ እንቅርት የበዛው ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለወሰደው ነው፤ አዮዲን ያለበት ጨው ይግዙ።

ስለ ማጥባት፣ ከመርፌው በፊት ትናገር ነበር። በቴክኒሺየም ለጥቂት ሰዓት ታልቦ ይደፋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ለወደፊቱ ግን ስሚኝ። አንድ ቀን «አዮዲን 131» ቢታዘዝላት ሌላ ጉዳይ ነው። ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው፣ ወተት ውስጥም ይገባል። ያንን የምትወስድ እናት ቀድማ ጡት ማስጣል አለባት። እርጉዝ ከሆነች ጨርሶ አይሰጣትም። ሌላም፦ በቅርቡ ቀለም ተወግታ ሲቲ ተነስታ ከሆነ ቀለሙ አዮዲን አለበት፣ ታይሮይዱን ለሳምንታት ያጠግበዋል፣ ስካኑም ይበላሻል። ይሄን ማንም ካልጠየቃት ራሷ ትናገር።

ከሚሴ በሪያድ

እኔ ፔት ስካን የሚባለውን ሌላ ዓይነት የኒውክሌር ምርመራ ነው ያደረግሁት፤ እዚህ ሪያድ። ሊምፎማ የሚባል የሊምፍ እጢ ካንሰር ነበረብኝ፣ አልሐምዱሊላህ አሁን አፊያ ነኝ። ለሚፈልግ ልንገር።

6 ሰዓት ምንም አትበላም፣ ንጹህ ውሃ ብቻ። ከዚያ በፊት ያለውን ቀን ከባድ ሥራ የለም፣ ሩጫ የለም። ስትደርስ ጣትህን ወግተው ስኳርህን ያያሉ። ከ200 በላይ ከሆነ ይመልሱሃል። ከተወጋሁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ብርድ ልብስ ደርበው አስቀመጡኝ። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም፣ ማስቲካ የለም። ማስቲካው ለምን ስል ምን አሉኝ መሰላችሁ? የሚያኝክ ጡንቻ ስኳር ይበላል፣ መንጋጋህ በፎቶው ላይ ያበራል። እኔ በልቤ «አባቴ ደሴ ላይ ይሄን ቢያደርግ ጫቱን ማን ያስጥለዋል» አልኩ።

ስኳር የመሰለ ነገር ነው የሚወጉህ፤ ካንሰር ስኳር ይወዳል፣ ስለዚህ ይስበዋል አሉኝ። በትክክል ገብቶኝ ከሆነ።

ግን አንድ ጉድ ልንገራችሁ። አብሮኝ የሚሠራ የባቲ ልጅ አለ። ሳል ጠናበት፣ ክብደቱ ወረደ። ፔት ሲነሳ ደረቱ ውስጥ ያሉ እጢዎች ፍም መሰሉ። ቤተሰቡ በስልክ ለቅሶ ጀመረ፤ እናቱ ድንኳን ልትተክል ምንም አልቀራት። ናሙና ሲወሰድ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። 6 ወር መድኃኒቱን ዋጠ፣ ዛሬ ከኔ ይወፍራል።

ካሜራ ክፍል

ከሚሴ፣ ገብቶሃል። ኤፍዲጂ ይባላል፤ ግሉኮስ ላይ ፍሎሪን 18 ተተክቶበት ነው። ሴሉ ስኳር መስሎት ይውጠዋል፣ መፍጨት ሲጀምር ግን መጨረስ ያቅተዋል፣ እዚያው ይታሰራል። ካንሰር ብዙ ስለሚውጥ ብዙ ይታሰርበታል። ፍሎሪን 18 ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ተቃራኒ ቅንጣት) ይለቃል፤ ፖዚትሮኑ ከኤሌክትሮን ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ይጠፋሉ፣ ሁለት ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ። ማሽኑ ሁለቱን በአንዴ ይይዝና የመጡበትን መስመር ያሰላል። ሰው ላይ መጀመሪያ የተሞከረው በ1976 ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው።

የባቲው ልጅ ታሪክ ግን ለዚህ ክር ዋናው ነው። ስኳር የሚውጠው ካንሰር ብቻ አይደለም። አንጎል ሁልጊዜ ያበራል፣ ልብ ያበራል፣ ፊኛ ያበራል። ቁስል፣ ኢንፌክሽን፣ ቲቢ በደንብ ያበራሉ። ቲቢ እንደኛ በበዛበት አገር «እጢው አበራ» ማለት ብቻውን ምንም አልጨረሰም። የአጥንት ስካንም እንዲሁ ነው። የተሰበረ አጥንት፣ ያረጀ ጉልበት፣ የታመመ ጥርስ ሁሉ ይለቅማል። በተቃራኒው ማልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የመቅኔ ካንሰር አጥንቱን እየበላ ስካናችን ላይ ዝም ሊል ይችላል፤ አጥንቱ ለመጠገን አይሯሯጥማ። ስለዚህ ወረቀቱን ከእጃችን ነጥቃችሁ ኮሪደር ላይ አታንብቡት። ያዘዘው ሐኪም ከፒኤስኤው፣ ከናሙናው፣ ከሕመሙ ጋር አያይዞ ያንብበው።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ካለ ደግሞ፣ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት በፎቶው ላይ አንጀትን ያበራል። ፔት ሲታዘዝለት ይናገር፤ በራሱ ግን አያቁም።

የመርሳ አራሽ

ሁላችሁም ጎበዞች ናችሁ። ግን ለምንድነው ይሄ ሁሉ ደሴ የማይሠራው? በሽተኛ ይዘን 400 ኪሎ ሜትር፣ ጣርማ በርን አልፈን መንከራተት የግድ ነው? ፔቱ ደግሞ ናይሮቢ፣ ሕንድ ይላሉ።

ወልድያ ፊዚክስ

ገንዘብና ባለሙያ አለ፣ እሱን ሌሎች ይንገሩህ። እኔ ሰዓቱን ላስላልህ።

ፍሎሪን 18 የሚሠራው ሳይክሎትሮን በሚባል ማሽን ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ። አዲስ አበባ ሠርተህ በመኪና ደሴ ላምጣ ብትል፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ 8 ሰዓት በለው። ከ4 ግማሽ ዕድሜ በላይ ነው። ደሴ የሚደርሰው ከ20 እጅ አንዱ ነው። ደብረ ሲና ቁርስ ላይ ከዘገየህ ደግሞ እሱንም በላኸው። በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ድረስ ካልሆነ አይሞከርም።

የአጥንት ስካኑ ቴክኒሺየም ይሻላል። እሱ የሚመጣው ሞሊብዲነም 99 ከሚባል እናቱ ነው፤ 66 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ አላት። ሞሊብዲነሟ በእርሳስ በተሸፈነ ዕቃ ትመጣለች፣ ሆስፒታሉ በየጠዋቱ በጨው ውሃ እያጠበ ቴክኒሺየሙን ያወጣል። ግን በሳምንት ውስጥ ከ5 እጅ አንዱ እንኳ አይቀራትም፤ በየጊዜው አዲስ መምጣት አለበት። ሞሊብዲነም የሚሠሩት የዓለም ሪአክተሮች (የኒውክሌር ማብላያዎች) ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሆላንድ ፔተን ላይ አንድ አለ፣ ቤልጂየም አለ፣ ደቡብ አፍሪካ ሳፋሪ 1 አለ። በ2009 የካናዳው ሲቆም፣ የሆላንዱም ለጥገና ሲዘጋ፣ አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰረዙ። ስለዚህ አውሮፕላን አንድ ቀን ከዘገየ እኛ ጋ ምን እንደሚሆን አስበው።

ሙና · ኮምቦልቻ

እውነት ነው። እህቴን አንዴ አዲስ አበባ ድረስ ወስደናት «ዕቃው አልገባም» ብለው መለሱን። ቀድመው ቢደውሉ ምን ነበረበት? የአልጋው፣ የትራንስፖርቱ፣ የሕፃኑ ጣጣ። ሰው እንዴት አንድ ስልክ አይደውልም!

ካሜራ ክፍል

ልክ ነሽ፤ መደወል ነበረባቸው። ለሁላችሁም፦ ከደሴ ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው ክፍሉ ጋ ደውላችሁ «መድኃኒቱ ገብቷል ወይ» በሉ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ስልክ ከሌለ ያዘዘውን ሐኪም ጠይቁት። በአውሮፕላን የሚመለስ ሰው ደግሞ የተወጋውን ነገርና ቀኑን የሚገልጽ ወረቀት ይያዝ። አንዳንድ ኤርፖርት ላይ ያለ መለኪያ ለቀናት ሊጮህበት ይችላል፤ አዮዲን የወሰደ ሰው ላይ ለሳምንታት።

የጦሳ ልጅ፣ ለአጎትህ የሚሆን ሌላም አለ፤ ፒኤስኤምኤ የሚባለው። ጋሊየም 68 ላይ ታስሮ የፕሮስቴት ሴሉን ራሱን ፈልጎ ይይዛል፣ ከአጥንት ስካን ቀድሞ ትንንሹን ያያል። ጋሊየሙን በሉቲሺየም 177 ስትተካው ያው መድኃኒት ለሕክምናም ይሆናል። ግን የፔት ማሽን ይፈልጋል። አሁን በእጃችሁ ያለውን አጥንት ስካን ያድርግ፤ ለሱ ብላችሁ ቤት አትሽጡ።

የጦሳ ልጅ · ደሴ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ተሠርቶለት ተመልሰናል።

እንዴት እሺ እንዳለ ልንገራችሁ። የቦሩ ሜዳዋ እንዳለችው ሸሁን ጠራናቸው። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሸሁ ስለ ጨረሩ አንድ ቃል ሳይናገሩ «እኔም ለልቤ ተወግቼዋለሁ፤ ይኸው ፊትህ ቁጭ ብያለሁ» አሉት። አጎቴ ዞር ብሎ አየኝና «ታዲያ አንተ ይሄን ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ። እኔ በምን አውቄ!

መርፌው ሲመጣ ያ ከባድ ብረት ውስጥ ነው ያለው። የወጋችው ልጅ ፈጠን ብላ ወግታ፣ ጥጡን አስይዛው ራቅ አለች። አጎቴ «እይ፣ እሷ ትሸሻለች፣ እኔን እዚህ አስራኛለች» አለ። ቆቦ፣ ያንተን ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ የካሜራ ክፍልን መልስ ነገርኩት፣ ሳቀ። ከዚያ ሦስት የሃይላንድ ውሃ ጠጣ። ሽንት ቤቱን ተመላልሶ አደከመው፤ ያው ቶሎ አይወጣለትም። ከመግባቱ በፊት ለልጅቷ ነገርናት፣ ታግሳ ጠበቀችው። እናቴ በር ላይ ቆማ ዱዓ ስታደርግ ነበር፤ በመስኮቱ አጮልቃ አይታ «ይሄ ነው እንዴ? ተኝቶ እኮ ነው» አለች።

ውጤቱ ይሄ ነው። ሁለቱ ጉልበቶቹ አብርተዋል፤ እርጅና ነው ተባለ። በቀኝ በኩል ሦስት የጎድን አጥንቶች ላይ በአንድ መስመር ነጠብጣቦች አሉ። ወገቡ ላይ ደግሞ አንድ ቦታ አለ፣ «አጠራጣሪ» ይላል። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «ወድቀህ ታውቃለህ ወይ» ብሎ ነው። ባለፈው ክረምት ከበቅሎ ወድቆ ነበር፣ ወጌሻ አሽቶት ነው የተወው። ለወገቡ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳው) ታዘዘ። ካሜራ ክፍል፣ ጎድኑ ምን ይመስልሃል?

ካሜራ ክፍል

ፎቶውን ሳላይ አልፈርድም። ግን ተከታታይ ጎድኖች ላይ በአንድ መስመር የተሰለፈ ነጠብጣብ አብዛኛውን ጊዜ የመውደቅ ነው፤ ካንሰር እንዲህ ተሰልፎ አይቀመጥም። ሐኪሙ መውደቁን የጠየቀው ለዚህ ነው። የወገቡን ኤምአርአዩ ይለየዋል፤ እስከዚያ ካንሰር ነው ብላችሁም፣ የለም ብላችሁም አታውሩበት። ወገቡን በጣም ካመመው፣ እግሩ ከዛለ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው ግን ቀጠሮውን አትጠብቁ፣ ያኑ ቀን ውሰዱት።

የስካኑን ሲዲና የድሮውን ሲቲ ይዛችሁ ሂዱ። ኤምአርአይ የሚያነበው ሐኪም ይፈልጋቸዋል።

የጦሳ ልጅ · ደሴ

እሺ፣ ሲዲው በእጄ ነው። ጥርሱ ላይ ብረት አለ፣ ለኤምአርአዩ ችግር አለው?

የቦሩ ሜዳዋ · ነርስ፣ ደሴ

የጥርስ ብረት ብዙ ጊዜ አይከለክልም፤ ንገሯቸው ብቻ። ዋናው ሌላ ነው። የልብ ምት ማሽን ከተተከለለት፣ ወይም በጦርነት ጊዜ በሰውነቱ የቀረ ፍንጣሪ ካለ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ይናገር። የሱ ዘመን ሰዎች ረስተውት ነው የሚገቡት፤ እናትህን ጠይቃት፣ እሷ ታውቃለች።